ዘንቢል ለያዘ ምርቃት

ባለፈው ሐሙስ ገበያ ቲማቲም ሻጯ ዘንቢሌ ውስጥ ኮባ ቅጠል ስታነጥፍልኝ፣ ከቲማቲሙ በፊት ሽታው ደረሰኝ። አሁን የተቆረጠ ኮባ ሽታው ይታወቃችሁ የለ? እርጥብ ነው፣ መረር ይላል፣ ዝናብ ሲያባራ ከጓሮ እንደሚመጣው ዓይነት። «ቲማቲሜ አራስ ናት፣ ምንጣፍ ትፈልጋለች» ስትል አጠገቧ ያሉት ሴቶች ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ግን እግሬ እንቢ አለኝና ዘንቢሌን እንደያዝኩ እዚያው ቆሜ ቀረሁ።

ፌስታል ይቅር ከተባለ ወዲህ ገበያችን እንዲህ ሆኗል። ሽንኩርቱ በዘንቢል ይገባል፣ ማንጎው በጨርቅ ቦርሳ፣ ለስላሳ ለስላሳው ኮባ ላይ ይተኛል። ቤት ስገባ እናቴ ዘንቢሉን ተቀብላኝ «አየሽ፣ አንቺ ያኔ የጀመርሽውን አሁን አገር ያዘው» አለችኝ። እሷ እንዲህ ስትል ደስ ሊለኝ ይገባል። ይለኛልም፣ አልዋሽም። ግን ደስታዬ መሃል ሁልጊዜ አንዲት ልጅ መጥታ ትቆማለች፣ ዝም ብላ እስክሪብቶ እያኘከች።

ስሙኝማ፣ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ያኔ ስድስተኛ ክፍልን ጨርሰን ሰባተኛ ልንገባ ነበር። ጓደኛዬ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ከእኔ ጋር አንድ ዴስክ ላይ የተቀመጠች፣ ከአፏ ቃል የምትቆጥብ ልጅ ነበረች። እኔ ለሁለታችንም አወራ ነበር። እሷ ለሁለታችንም ታዳምጥ ነበር። አባት የላትም። ከእናቷ ጋር ሰቶ ሰመሮ የሚባል ሰፈር አንድ ክፍል ቤት ተከራይተው ይኖራሉ። እናቷ አትክልት ተራ መግቢያ ላይ ፌስታል ትሸጣለች።

ሱቅ የላትም፣ መደብ የላትም፤ ሱቁ ራሷ ናት። ጥቁሩን በግራ ክንዷ፣ ቢጫውን በቀኝ ትደረድራለች፤ ሰማያዊና ነጭ መስመር ያለውን ትልቁን ደግሞ ትከሻዋ ላይ እንደ ካባ ትጥለዋለች። ስትራመድ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ካፊያ ትንኮሻኮሻለች። አንዱን ፌስታል መዝዛ በጣቶቿ መሃል አሸት ታደርገውና እፍ ስትልበት ቷ ብሎ ይከፈታል። ያን ድምፅ እንዴት እወደው እንደነበር! ሳያስፈልገኝ እየሄድኩ «እትዬ፣ አንዴ እፍ ይበሉልኝ» እላታለሁ። «ያ ኢንታላ፣ ትንፋሼንም በነፃ ልትወስጂ ነው?» ትለኛለች። አንቺ ልጅ ማለቷ ነው፤ በስሜ ጠርታኝ አታውቅም። ከዚያ ግን ትስቅና እፍ ትልልኛለች።

አትክልት ሻጮቹ ሁሉ የእሷ ደንበኞች ነበሩ። ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ካሮት ለገዛ ሰው የሚሰጡትን ትንንሹን ፌስታል በጥቅል የሚገዙት ከእሷ ነው። ገዢው ደግሞ ሁሉን አጭቆ የሚሸከምበትን ትልቁን ከእሷ ይገዛል። እናቴ ገበያ የምትወጣው ባዶ እጇን ነበር። ስትመለስ ቲማቲሙ በአንድ ፌስታል፣ ቃሪያው በአንድ፣ ካሮቱ በአንድ፣ አቮካዶው እንዳይጨፈለቅ ተደርቦበት፣ ከዚያ ሁሉም ተጠራርጎ በአንድ ትልቅ ባለመስመር። ማድ ቤታችን በር ኋላ ደግሞ በፌስታል የታጨቀ ፌስታል ተሰቅሎ ይኖር ነበር። ያኔ ያልተሰቀለበት ቤት ካለ ንገሩኝ። እሱ ሲሞላ ይጣላል፣ የተጣለውን ነፋስ ያነሳዋል፣ ነፋስ የተወውን ጎርፍ ወደ ቦዩ ይነዳዋል። ከዚያ ወዴት እንደሚሄድ የጠየቀ ሰው አልነበረም። እኔም አልጠየቅኩም፣ እስከዚያ የአረፋ በዓል ድረስ።

በዚያ ክረምት ጎረቤቱ ተዋጥቶ የገዛው በሬ ግቢያችን ውስጥ ታረደ። ዝናቡ ጠዋት ጥሎ አባርቷል፣ መሬቱ ላይ ኮባ ተነጥፏል፣ ልጆች በአዲስ ልብሳችን ጭቃ እንዳንረግጥ እየተጮኸብን ነው። ጓደኛዬ እንደ ሁልጊዜው እኛ ጋ ነበረች። አጎቴ ጨጓራውን ሲከፍት እጁ ቀጥ አለ። ከዚያ ይስብ ጀመር። የወጣው ነገር የሕፃን ጭንቅላት የሚያህል፣ ከሣር ጋር የታሸ የፌስታል ድብልብል ነበር። ኮባው ላይ ሲጥለው ጧ አለ። መሃሉ ላይ ሰማያዊና ነጭ መስመር ይታያል። ያን ሁሉ ጊዜ በሬ ሆድ ውስጥ ተቀምጦ ቀለሙ እንኳ አልለቀቀም።

«ይሄ በሬ ከኛ በላይ ገበያ ወጥቷል» አለ አጎቴ።

ወንዶቹ ሳቁ፤ ሴቶቹ አፋቸውን ያዙ። እናቴ አዑዙ ቢላህ ብላ ፊቷን አዞረች። እኔ ግን ዓይኔን መንቀል አልቻልኩም። ጓደኛዬ ያን ቀን ሥጋ አልበላችም። ምነው ስንላት ሆዴን አሞኛል አለች። አመንኳት።

መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት ያ ድብልብል ገና ከዓይኔ አልጠፋም ነበር። ስለዚህ ጻፍኩት። በሬው እንዴት አድርጎ ሳር መስሎት እንደዋጠው፣ አጎቴ እንዴት እንደሳበው፣ ሁሉንም። ጠዋት ሰልፍ ላይ በሚኒ ሚዲያው ማይክ ሳነበው መጀመሪያ ኋላ ያሉት ይንጫጩ ነበር። በሬው ጋ ስደርስ ግን ግቢው ጸጥ አለ። ያ ጸጥታ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። እኔ፣ ከቁመቴ በቀር በምንም የማልታወስ ልጅ፣ በቃላት ብቻ ያን ሁሉ ሰው ዝም አሰኘሁት! ሲያጨበጭቡ ወረቀቱን ገልብጬ እንደገና ከላይ ልጀምር ምንም አልቀረኝም። የሳይንስ መምህራችን በዚያው ሳምንት የአካባቢ ጥበቃ ክበቡን እንድመራ አደረጉኝ። ጓደኛዬ ሳልጠይቃት ገባች።

መጀመሪያ ያደረግነው ነገር አልሠራም። ገበያ ወጥተን ሰዉን ዘንቢል ይያዙ፣ ፌስታል ይተዉ ብለን ለመንን። አንድ ሽማግሌ ዘንቢልማ የሴት ነው አሉን። አንዷ ሴትዮ ደግሞ ዘንቢሉን ግዢልኝና ልያዝ ብላ አሾፈችብኝ። ክበቡ ተሰብስቦ ፊታችን ሁሉ ወድቆ ሳለ ጓደኛዬ እስክሪብቶዋን ከአፏ አወጣች።

«ምርቃት ይጨመርላቸው» አለች።

ምርቃት ማለት ሻጯ የተገዛውን ሰጥታ ከጨረሰች በኋላ እንካ ደግሞ ብላ የምትጨምራት አንድ ፍሬ ናት፤ አንድ ቲማቲም፣ ወይ ቃሪያ፣ ወይ ትንሽ ማንጎ። የኛ ሰው ዋጋ ላይ ቢሸነፍ ምርቃት ላይ አይሸነፍም። ጓደኛዬ ሐሳቧን ቀስ ብላ አስረዳችን። ሻጮቹ ትንንሹን ፌስታል የሚገዙት ከኪሳቸው ነው፤ ዘንቢል ለያዘ ሰው ፌስታሉን አስቀርተው በሱ ፋንታ ምርቃት ቢያበዙለት አይጎዱም፣ ገዢውም ዘንቢሉን ከቤቱ አይረሳም። ያን ሁሉ ቃል በአንድ ጊዜ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም ነበር። አቅፌ ሳምኳት። ሻጮቹ ፌስታል ከማን እንደሚገዙ እንደ እሷ የሚያውቅ እንደሌለ ትዝ አላለኝም። ትዝ ሊለኝ ይገባ ነበር። ከጠዋት እስከ ማታ ከጎኗ እየዋልኩ እንዴት ትዝ አይለኝም?

በሚቀጥለው ሐሙስ ሻጮቹን አንድ በአንድ ዞርናቸው። ከጓሮአችን ኮባ ቆርጠን፣ ዘንቢል ውስጥ የሚነጠፍ ብለን አደልን። ጓደኛዬ ቅጠሉን በቢላ ስትቆርጥ ጭማቂው በክንዷ ይወርድ ነበር፤ ሁለታችንም ኮባ ኮባ እየሸተትን ነው ገበያ የዋልነው። ጎመን ሻጯ ከሁሉ ቀድማ «ቶሌ፣ እንሞክረው» አለች። እሷ እሺ ካለች በኋላ ማን እንቢ ይላል?

ከዚያማ ምኑ ቅጡ። ዘንቢል የያዘ ምርቃት ያገኛል የሚለው ወሬ ቡና ጠጡን ሳይጠብቅ ከተማውን ዞረ። ዘንቢል ያለው በዘንቢል፣ የሌለው በባልዲ መጣ፤ ሳፋ ይዞ የመጣም ነበር። አንድ ግንበኛ ሄልሜቱን ገልብጦ ቲማቲም ተቀበለበትና ፀጉሩ ላይ ሲሚንቶ እንዳለ እየተኩራራ ሄደ። አንዷ እናት ልጇን ከማዘያው አውርዳ በእግሩ አስኬደችና በማዘያው ጥቅል ጎመን አዘለች። ልጁስ ሲሏት «ልጅ ምርቃት አያስገኝም» ብላ ገበያውን በሳቅ ፈጀችው። እናቴ እንኳ የተረሳ ዘንቢል ከጣሪያ ሥር አውርዳ አቧራውን አራገፈች። ሰልፍ ላይ ስሜ ተጠራ፣ እንደገና ተጨበጨበልኝ። መሬት አልረግጥም ነበር እኮ!

ሌሎቹ ፌስታል ሻጮች ነገሩን አይተው ወደ መናኸሪያና ወደ ልብስ ተራ ዞሩ። የጓደኛዬ እናት ግን ደንበኞቿ እነዚያው አትክልት ሻጮች ነበሩ፤ የምታውቀውም እነሱን ነው። እዚያው ቦታዋ ላይ ቀረች።

አንድ ሐሙስ ረፋዱ ላይ በዚያ ሳልፍ ቆማለች። ፀሐይ ወጥቷል፣ ገበያው ሞልቷል፣ ሰው በግራና በቀኝ እየገፋት ያልፋል። ክንዶቿ ግን ከቤት እንደወጡ ሙሉ ናቸው። የምትንኮሻኮሸው ነፋስ ሲመጣ ብቻ ነበር። አየችኝና በእጇ ጠራችኝ።

«ያ ኢንታላ፣ ዘንቢልሽ ያምራል።»

እጇን ልካ የዘንቢሉን ጆሮ ዳሰሰች። ይሄን ነገር ማን እንደጀመረው ጠየቀችኝ፤ ክበባችን ነው አልኳት። ልጇም ውስጡ እንዳለች ጠየቀችኝ። እዚህ ላይ አዎ ብዬ ማለፍ እችል ነበር። ግን ጓደኛዬን የሚያመሰግናት አልነበረም፤ ጭብጨባው ሁሉ ለኔ ነበር። ቢያንስ እናቷ ትኩራባት ብዬ፣ ወላሂ ትኩራባት ብዬ ነው፣

«የምርቃቱን ሐሳብ ያመጣችው እኮ እሷ ናት እትዬ» አልኳት።

ፊቷ ላይ ቁጣ ብፈልግ ዛሬም አላገኝም። የዘንቢሌን ጆሮ ለቀቀች። ከዚያ «ማሻአላህ» አለች፤ «ልጄ ጎበዝ ናት።» ባለመስመሩን ከትከሻዋ አወረደችና ማጣጠፍ ጀመረች፤ ጠርዙን ከጠርዙ እያገጠመች፣ በመዳፏ እየዳመጠች። ገበያ ሳይበተን ስታጣጥፍ አይቻት አላውቅም ነበር። እኔ ግን ምርቃቴን ልቀበል ሮጥኩ።

ጓደኛዬ በማግሥቱ ክፍል አልመጣችም። ከዚያም አልመጣች። ሰቶ ሰመሮ ቤታቸው ድረስ ብሄድ አከራይዋ የቡ ወደምትባል ትንሽ ከተማ ሄደዋል አሉኝ። የቡና ለቀማ ደርሶ ነበር፤ የእናቷ ወንድም እዚያ ቡና አለው፣ የሚለቅም እጅ ይፈልጋል። ለቀማው እስኪያልቅ ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ማንም እንዳይቀመጥባት ቦርሳዬን በእሷ በኩል ዴስኩ ላይ እያስቀመጥኩ ቦታዋን ጠበቅኩላት። ለቀማው አለቀ። አንድ ጠዋት መምህራችን አዲስ ልጅ አምጥተው ቦርሳሽን አንሺ አሉኝ።

ለእረፍት ስንለቀቅ እናቴን ለምኜ የቡ ሄድን። ጓደኛዬን ያገኘኋት ማድረቂያ አልጋው ላይ የተሰጣ ቡና እያገላበጠች ነው። የሚደርቅ ቡና ሽታ ከባድ ነው፤ ጣፋጭም ነው፣ የቦካም ይመስላል። ጣቶቿ ጥቁር ሆነዋል፣ ጥፍሯ ሥር ሁሉ። ስታየኝ ሳቀች፤ ደስ ብሏት ነው የሳቀችው፣ ይሄን እርግጠኛ ነኝ። እናቶቻችን ቤት ገቡ። እኔም ከጎኗ ቆሜ ማገላበጥ ጀመርኩ፤ እጅ ሲሠራ ማውራት ይቀላል።

ለእናቷ የነገርኳትን ነገር ልነግራት ጀመርኩ። ታውቀዋለች። ተቆጣችሽ ወይ አልኳት። አልተቆጣችም አለችኝ፤ «ሐሳቡ ጥሩ ነው» ብቻ ነው ያለቻት። ከዚያ ያን የአረፋ ቀን አነሳችልኝ። ባለመስመሩን ፌስታል ገበያው ውስጥ የምታመጣው እናቷ ብቻ ነበረች። ኮባው ላይ እንደወደቀ አወቀችው፣ ሥጋውም ከጉሮሮዋ አልወርድ ያላት ለዚያ ነው።

ለምን አልነገርሽኝም አልኳት።

«ምን ልበልሽ? በሬያችሁን ያበላችው እናቴ ናት ልበልሽ?»

ቡናውን እያገላበጠች ሌላም ነገረችኝ። ሰው ዘንቢል ከለመደ እናቷ ፌስታሉን ትታ ዘንቢል ትሸጣለች ብላ አስባ ነበር። ዘንቢል የሚሠሩ ሴትዮ አግኝታ ሁሉ ነበር፤ አነጋግራቸው ለእናቷ ለመንገር አንድ ጥሩ ቀን እየጠበቀች ነበር። ሳቅ ያለበት፣ እናቷ ያልደከመችበት ቀን።

«እኔ ራሴ ልነግራት ነበር» አለችኝ። «ቀስ ብዬ።»

ይሄን ስትል አልተቆጣችኝም። እናትና ልጅ ሁለቱም አለመቆጣት ያውቁበታል። እኔ ግን ያን ቀን የገባኝ ነገር እስከ ዛሬ አልወጣልኝም። ከቃላት ሁሉ የምታንሰዋን፣ ለአንድ ሰው ብቻ፣ በራሷ ጊዜ ልትናገራት የያዘቻትን ቃል፣ እኔ ገበያ መሃል ተናገርኩባት። የእናቷ ልብ የተሰበረው ዕንጀራዋ በመቅረቱ ይሁን፣ ከልጇ በፊት ከእኔ በመስማቷ ይሁን፣ ጠይቄ አላውቅም። ዘንቢሉስ ትክክል ነበር። በሬዎቹም እውነት ናቸው። ትክክል ሆኖ ሰው መጉዳት እንደሚቻል ግን ማንም ሰልፍ ላይ አንብቦልኝ አያውቅም።

ስንለያይ በየወሩ እመጣለሁ አልኳት። ከልቤ ነበር። ከዚያ ፈተና መጣ፣ ከዚያ ዝናብ፣ ከዚያ ደግሞ ምንም አልመጣም፣ ዝም ብዬ ቀረሁ። ሰው ሳይሄድ ሲቆይ መቆየቱ ራሱ ለመሄድ ያሳፍረዋል።

ባለፈው ወር ከእናቴ ጋር ለቅሶ ልንደርስ በየቡ በኩል ስናልፍ ሚኒባሱ ሰው ሊያወርድ ቆመ። አቮካዶ የያዙ ሴቶች መስኮቱን ከበቡት። ስልኬን እየነካካሁ ነበር። ከሴቶቹ አንዷ መስኮቱን በጣቷ መታ መታ አደረገች።

«ያ ኢንታላ፣ አደግሽ እኮ።»

ጉንጯ ገባ ብሏል እንጂ እሷው ናት። አሁን ስትንቀሳቀስ ድምፅ የላትም፤ መጀመሪያ ያላወቅኳት ለዚያ ይመስለኛል። ከእናቴ ጋር ተሳሳሙ፣ በመስኮት። ልጇ ደህና እንደሆነች፣ ትምህርቷንም እዚያው እንደቀጠለች፣ ከእኔ አንድ ክፍል ብቻ ወደ ኋላ እንደቀረች ነገረችን። ስታወራ እጇ ሥራ አልፈታም። አቮካዶውን አንድ በአንድ በአውራ ጣቷ እየዳሰሰች የዛሬውን፣ የነገውን፣ የከነገ ወዲያውን እየለየች ትመርጥልኝ ነበር። ሾፌሩ ሞተሩን አስነሳ። ፌስታል የለም፤ እኛም ለቅሶ ነው ብለን ምንም ሳንይዝ ወጥተናል።

«መያዣ የለኝም እትዬ» አልኳት። በሕይወቴ እንደዚያ ያፈርኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። እኔ፣ ያን ሁሉ ሰው ዘንቢል ያስያዝኩት!

ከትከሻዋ ላይ ሻርፗን ሳበች፣ አቮካዶውን መሃሉ ላይ አደረገች፣ ጫፍና ጫፉን ቋጥራ በመስኮቱ አስገባችልኝ። ጨርቁ የሰውነቷ ሙቀት ነበረው። ገንዘብ ላውጣ ስል እጄን መለሰችው። ሚኒባሱ መንቀሳቀስ ጀመረ።

«ሻርፑስ እትዬ?»

አብራን ትንሽ እየተራመደች ነበር። «ስትመጪ ታመጪዋለሽ» አለችኝ፤ «እሷም መቼ ነው የምትመጣው ትላለች።»

አጥቤዋለሁ። ተኩሼዋለሁም። ቁም ሳጥኔ ውስጥ ከላይ ተቀምጧል። እሁድ በመጣ ቁጥር አወጣውና እጥፉን አስተካክዬ መልሼ አስቀምጠዋለሁ። ምን ብዬ እንደምጀምር አላውቅማ። እኔ፣ ለሁለታችንም የማወራው።

ዛሬ ጠዋት እናቴ ልብስ ልታስገባ ቁም ሳጥኔን ከፍታ አየችው።

«ይሄን ዛሬም አልወሰድሽም? የቡ እኮ ሩቅ አይደለም» አለችኝ።

አይደለም። ሩቅ አይደለም።